ከቤት የወጣ መጽሐፍ፦ የአይሁድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቅኝት

ይሁዳ ኢብን ቲቦን ሐኪም ነበር፤ ተርጓሚም ነበር። ግራናዳ ተወልዶ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሉኔል በምትባል ከተማ ኖረ። ለልጁ ለሳሙኤል የተወው ኑዛዜ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ በውስጡ ስለ መጻሕፍት የሰጠው ምክር ደግሞ አንድ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አዲስ ለተቀጠረ ሠራተኛ የሚሰጠውን መመሪያ ይመስላል። የዕብራይስጡን መጻሕፍት በየወሩ መባቻ፣ የዐረብኛውን በየሁለት ወሩ እያወጣ እንዲያያቸው፣ መደርደሪያዎቹን በጥሩ ምንጣፍ እንዲጋርድ፣ ከእርጥበትና ከአይጥ እንዲጠብቃቸው ያዝዘዋል። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ልጁ መጽሐፍ ሲያውስ መጽሐፉ ከደጅ ከመውጣቱ በፊት ይመዝግበው፤ ሲመለስለት በመዝገቡ ላይ ይሰርዘው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለዳስ በዓል፣ በየሰዉ እጅ ያለውን ሁሉ አስጠርቶ ይሰብስብ።

አባትየው «አታውስ» አላለም። መጽሐፍ በእጅ በሚገለበጥበት፣ አንድ ጥራዝ የወራት ድካምና ብዙ ገንዘብ በሚጠይቅበት ዘመን «አትስጥ» ማለት በቀለለው ነበር። እሱ ግን መጽሐፉ እንደሚወጣ አስቀድሞ ተቀብሎ፣ የሚመለስበትን መንገድ ነው ያበጀው። ከጀርባው የቆየ ትምህርት አለ። የታልሙድ ሊቃውንት ሀብቱ በቤቱ ሳለ ጽድቁ ለዘላለም የሚኖርለትን የመዝሙረ ዳዊት ሰው ማን ነው ብለው ሲጠያየቁ ካገኟቸው መልሶች አንዱ ይህ ነው፦ ቅዱሳት መጻሕፍትን አስጽፎ ለሌሎች የሚያውስ ሰው። መጽሐፉ የእሱ ንብረት እንደሆነ ይቆያል፤ በጎ ሥራው ግን ከአንባቢ ወደ አንባቢ ይዞራል።

ስለ አይሁድ ቤተ መጻሕፍት የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ጥበቃ ነው፤ ከእሳት፣ ከዘረፋና ከስደት ስለ ተረፉ መጻሕፍት። እኔ ታሪኩን ከውሰት በኩል ሳየው ይበልጥ ይገባኛል። የተረፈ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚተርፈው፤ ማን ያነበዋል? የማንስ ነው? ከዚህ በታች ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአይሁድ ልማድ የአምላክ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ቢያረጅም አይጣልም። «ገኒዛ» በሚባል ስውር ክፍል ይቀመጣል ወይም ይቀበራል፤ አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ቃል ውስጥ «ግንዘት»ን ይሰማል። በካይሮ የቤን ዕዝራ ምኩራብ ገኒዛ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይቀበር ተከማችቶ ነበር። ሰሎሞን ሼክተር የተባለ ሊቅ በ1896 መጨረሻ ከካምብሪጅ ሄዶ የክምሩን ትልቁን ክፍል ይዞ ተመለሰ፤ ወደ 200,000 የሚጠጋ ቁራጭ። ከሱ በፊትም በኋላም ሌሎች እየወሰዱት ስለ ነበር የአንድ መጽሐፍ አንዱ ቅጠል ካምብሪጅ፣ ሌላው ኒው ዮርክ፣ ሦስተኛው ሴንት ፒተርስበርግ ቀረ። የአይሁድ ጥናት ከዚያ ወዲህ የትኛውም ቤተ መጻሕፍት ብቻውን የማይጨርሰው ሥራ ነው። ተመራማሪው አንድ መጽሐፍ አሟልቶ ለማንበብ ሦስት አገር ይለምን ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር ግን ለዚህ ጥናት በሩን ለረጅም ጊዜ አልከፈተም። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ዕብራይስጥን የሚያስተምሩት ለክርስቲያን ሥነ መለኮት ነበር፤ የአይሁድን ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ራሱን ችሎ የሚያስተምር ወንበር አልሰጡም። ስለዚህ አይሁድ የራሳቸውን ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አቋቋሙ፤ ብሬስላው በ1854፣ በርሊን በ1872፣ በአሜሪካ ሲንሲናቲ በ1875፣ ቡዳፔስት በ1877፣ ኒው ዮርክ በ1886። እያንዳንዱ መጀመሪያ የሰበሰበው መጽሐፍ ነው። በኒው ዮርኩ ሴሚናሪ አሌክሳንደር ማርክስ ከ1903 ጀምሮ ለ50 ዓመት ቤተ መጻሕፍቱን መርቶ ከዓለም ታላላቅ የዕብራይስጥ ስብስቦች አንዱ አደረገው። የሲንሲናቲው በቻይና ካይፈንግ የኖሩ አይሁዶችን ብራናዎች ሳይቀር ገዝቶ አስገባ።

ኢየሩሳሌም ላይ የሆነው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። እዚያ ቤተ መጻሕፍቱ ከዩኒቨርሲቲው በ33 ዓመት ይቀድማል።

በ1892 ብናይ ብሪት የተባለ የአይሁድ ማኅበር በከተማዋ ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ይህን ትንሽ ቤት ትልቅ ያደረገው በቢያሊስቶክ፣ በያኔዋ የሩሲያ ግዛት፣ ይኖር የነበረ ሐኪም ነው፤ ዮሴፍ ሐዛኖቪች። በ1890 ኢየሩሳሌምን አይቶ ከተመለሰ በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘው፦ በዓለም የተበተነው የአይሁድ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ቤት ይኑረው። ከበሽተኞቹ በገንዘብ ፈንታ መጽሐፍ ይቀበል እንደ ነበር ይነገርለታል። ያለውን እየሸጠ፣ የሌለውን እየለመነ፣ ሣጥን በሣጥን ላይ እየጫነ በሺዎች የሚቆጠር ጥራዝ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከቤቱ ተፈናቅሎ በ1919 በየካቴሪኖስላቭ፣ በድሆች መጦሪያ ውስጥ ሞተ። በሕይወቱ ማብቂያ በእጁ የቀረ ንብረት አልነበረውም፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ ግን በስሙ የሚጠራ ስብስብ ነበር። የዚህን ሰው ነገር ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

በ1920 ቤተ መጻሕፍቱን የጽዮናውያን ድርጅት ተረከበው፤ የፕራግ ተወላጁ ሁጎ በርግማን ኃላፊ ሆነ። በርግማን ፈላስፋ ነው፤ የፍራንዝ ካፍካ የትምህርት ቤት ጓደኛም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ገርሾም ሾለም የሚባል ወጣት ከበርሊን መጣና የዕብራይስጥ ክፍል ተሰጠው። ሾለም በኋላ የካባላ፣ ማለትም የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፣ ጥናት አባት ሆነ፤ መጀመሪያ ግን ካርድ ጸሐፊ ነበር። የገጠመው ችግር የሚገርም ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በዲዊ የቁጥር ሥርዓት ይሠራ ነበር፤ ዲዊ ደግሞ ለክርስትና ብዙ ቁጥሮች ሲመድብ ለአይሁድ እምነት የሰጠው አንዲት ቁጥር ነው፤ 296። በዚያች አንዲት ቁጥር ሥር ታልሙድን፣ ሕግን፣ ጸሎትን፣ ፍልስፍናን፣ ምሥጢራዊ ትምህርትን ሁሉ ማጨቅ ግድ ሆነ። ሾለም ቁጥሯን ከፋፍሎ ለአይሁድ ጥናት የሚሆን ዝርዝር ሥርዓት አበጀና በ1927 አሳተመው። እየታደሰ ዛሬም ይሠራበታል። ይህን ተራ የቢሮ ሥራ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ትክክለኛ ቦታ ካላገኘ ማንም አይጠይቀውም፤ ያልተጠየቀ መጽሐፍ ደግሞ አይወጣም።

የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በስኮፐስ ተራራ ላይ ሚያዝያ 1 ቀን 1925 በይፋ ሲከፈት ቤተ መጻሕፍቱ «የአይሁድ ብሔራዊና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት» ሆነ። ሁለት ሥራ በአንድ ስም ተሸከመ፤ እንደ ብሔራዊ ቤት ሁሉን ማከማቸት፣ እንደ ዩኒቨርሲቲ ቤት ለተማሪ መስጠት። በ1924 የተጀመረው «ኪርያት ሴፌር» የተባለው መጽሔቱ በዓለም የሚታተሙትን የአይሁድ ጥናት መጻሕፍት እየመዘገበ አንባቢ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያሳውቅ ነበር። በ1930 በተራራው ላይ በዎልፍሶን ስም የተሠራው ሕንፃ ተከፈተ። በርግማን በ1935 ሥራውን ሲያስረክብ በሐዛኖቪች ሣጥኖች የተጀመረው ቤት የምሥራቁ ትልቅ የምርምር ስፍራ ሆኖ ነበር።

በዚያው ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሰብሳቢ ተነሣ። ናዚዎች የአይሁድን መጻሕፍት በ1933 በአደባባይ አቃጠሉ ብለን እናስታውሳለን፤ ከማቃጠል የሚከፋውን ግን እንረሳለን። በ1941 በፍራንክፈርት «የአይሁድ ጥያቄ ምርምር ተቋም» ከፍተው በያዙት አገር ሁሉ የምኩራቡን፣ የሴሚናሪውን፣ የግለሰቡን ቤተ መጻሕፍት እየዘረፉ ወደዚያ አጋዙ። ሕዝቡን እየገደሉ መጻሕፍቱን ለጥናት ማስቀመጥ ማለት ነው። ባለቤት የሌለው፣ ተዋሽ የሌለው ክምችት።

በሊትዌኒያዋ ከተማ በቪልና የዝርፊያው ሠራተኞች እንዲሆኑ የተገደዱት አይሁዶች ራሳቸው ነበሩ። ገጣሚዎቹ አብርሃም ሱትስከቨርና ሽመርከ ካቸርጊንስኪ ያሉበት ቡድን መጻሕፍትን ወደ ጀርመን የሚላክና ወደ ወረቀት ፋብሪካ የሚጣል እያለ እንዲለይ ታዘዘ። ማታ አይሁዶች ወደ ታጎሩበት ሰፈር፣ ወደ ጌቶው፣ ሲመለሱ በልብሳቸው ውስጥ እየሸጎጡ የቻሉትን ያሸሹ ነበር። በዚያው ጌቶ ውስጥ፣ ስትራሹን መንገድ ቁጥር 6፣ ሄርማን ክሩክ የሚመራው የውሰት ቤተ መጻሕፍት ነበር። በታኅሣሥ 1942 ይህ ቤት 100,000ኛውን የመጽሐፍ ውሰት አከበረ። ቁጥሩን ቆም ብዬ ነው የማየው። ከከተማዋ አይሁዶች አብዛኞቹ በፖናር ጫካ ተገድለዋል። የተረፉት በጠባብ ቤት ተጨናንቀው፣ በረሃብና በፍርሃት ውስጥ፣ መጽሐፍ ይዋሳሉ፤ አንብበው ይመልሳሉ፤ ሌላ ይዋሳሉ። ክሩክ ደግሞ ማን ምን እንዳነበበ ይመዘግባል። ክሩክ በመስከረም 1944 በኢስቶኒያ ካምፕ ተገደለ፤ ማስታወሻ ደብተሩ ግን ተረፈ።

ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖች የዘረፋውን ክምር በፍራንክፈርት አቅራቢያ ኦፈንባክ በምትባል ከተማ፣ የአይ ጂ ፋርበን ኩባንያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ሰበሰቡት። ከ1946 እስከ 1949 ከ3 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ሰነዶች በዚያ አልፈዋል። ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ጀርመኖች ናቸው፤ ዕብራይስጥ አያነቡም። ስለዚህ በየመጽሐፉ ላይ ያለው የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ፎቶ ይነሣል፤ ሠራተኛው ጥቂት ማኅተሞችን በቅርጻቸው ብቻ ያጠናል፤ መጽሐፉ ፊቱ ሲደርስ ማኅተሙ እሱ ከሚያውቃቸው አንዱ ከሆነ በሣጥኑ ይጨምረዋል፤ ካልሆነ ወደ ቀጣዩ ያሳልፈዋል። ማንበብ የማይችሉ እጆች ሚሊዮን መጽሐፍ ወደየአገሩ መለሱ። በስደተኛ ካምፖች ለነበሩት የተረፉ አይሁዶች ደግሞ ከዚሁ ክምር በሺዎች የሚቆጠር መጽሐፍ በውሰት ተሰጣቸው፤ መሄጃ አጥተው ለሚጠብቁ ሰዎች ጸሎትና ንባብ ያስፈልግ ነበርና። ብዙው አልተመለሰም። እኔ እንደ ጠፋ አልቆጥረውም።

ባለቤቱ የማይገኝለት መጽሐፍ ግን የማን ነው? ሾለም በ1946 በዩኒቨርሲቲው ስም አውሮፓን ሲዞር የማያወላውል መልስ ነበረው፦ ሕዝቡ ባለበት ይሁን፤ ኢየሩሳሌም። ከኦፈንባክ የመረጣቸው ብራናዎች የሞሉባቸው 5 ሣጥኖች በዚያው ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ጦር የአይሁድ ቄስ እጅ ያለ ፈቃድ ወጥተው ውለው አድረው ኢየሩሳሌም ገቡ። ሕጋዊው መንገድ የመጣው ቆይቶ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሳሎ ባሮን የመራው፣ ሐና አረንት ዋና ጸሐፊ የነበረችበት ድርጅት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ባለቤት አልባ መጽሐፍ አከፋፈለ፤ አብዛኛው ለእስራኤልና ለአሜሪካ ደረሰ። ዛሬ በየአይሁድ ዩኒቨርሲቲው ከሚዋሱት አሮጌ ጥራዞች መካከል የዚህን ድርጅት ትንሽ ወረቀት በሽፋኑ ውስጥ ለጥፎ የያዘ ይገኛል። ከወረቀቱ አጠገብ የጠፋ የበርሊን ወይም የብሬስላው ተቋም ማኅተም አለ፤ ከሱ ሥር የአሁኑ ቤተ መጻሕፍት ባርኮድ ተለጥፏል። አንድ ተማሪ ለፈተና የሚዋሰው መጽሐፍ ሦስት ባለቤት ይዞ ይወጣል።

በ1948 ኢየሩሳሌም ራሷ ተከፈለች። ሚያዝያ 13 ቀን ወደ ስኮፐስ ተራራ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ይሄድ የነበረ ኮንቮይ ተጠቅቶ 78 ሰዎች ተገደሉ፤ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች። ተራራው በዮርዳኖስ ይዞታ መካከል እንደ ደሴት ቀረ፤ መጻሕፍቱም በላዩ ላይ ቀሩ። ዩኒቨርሲቲው ወደ ምዕራቡ ወርዶ በቴራ ሳንታ ሕንፃና እዚህም እዚያም በተከራያቸው ቤቶች ማስተማር ቀጠለ። በየሁለት ሳምንቱ በተባበሩት መንግሥታት አጃቢነት ለጥበቃ ለውጥ በሚወጣው ኮንቮይ መጽሐፍ በጥቂት በጥቂቱ እየተደረገ ወረደ። የራሱን መጽሐፍ ከራሱ መደርደሪያ ለማውጣት የጦር አጃቢ የሚያስፈልገው ቤተ መጻሕፍት ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ ሌላ ነገር ተደረገ፤ ስለ መጽሐፍና ስለ ባለቤቱ የምናወራ ከሆነ ልንዘለው አይገባም። የፍልስጤም ዐረቦች ከሸሹባቸውና ከተባረሩባቸው የምዕራብ ኢየሩሳሌም ሰፈሮች፣ ከቀጠሞንና ከጣልቢያ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ወደ 30,000 መጽሐፍ ሰበሰቡ። ከዘረፋና ከዝናብ አድነናል የሚል ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያቱም ሐሰት አልነበረም። ወደ 6,000 የሚሆነው ዛሬም «የተተወ ንብረት» የሚል ትርጉም ባላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ምልክት ተደርጎበት በካታሎጉ አለ። የታወቀው መምህርና ጸሐፊ ኸሊል ሰካኪኒ በቀጠሞን ቤቱ ጥሏቸው የወጣቸው መጻሕፍት ከነዚሁ መካከል ናቸው። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ መንገዱ ሲከፈት ልጆቹ የአባታቸውን መጻሕፍት ሊያዩ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዱ። እንደ ጎብኚ አይተው ተመለሱ። ኢብን ቲቦን ከደጅ ሳይወጣ ጻፈው ያለው ለዚህ ነው፤ ማን እንደ ወሰደ ብቻ ሳይሆን ከማን እንደ ተወሰደ እንዲታወቅ። በኦፈንባክ ማኅተም እያነጻጸሩ ባለቤት ይፈልጉ የነበሩ ሰዎች ያሳዩት ትጋት ለዚህኛውም ክምችት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በ1960 በጊቫት ራም አዲስ ሕንፃ ሲከፈት የተበተነው ስብስብ አንድ ጣሪያ አገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤን ጉሪዮን አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ብራናዎቹን ከቫቲካን፣ ከኦክስፎርድ፣ ከፓርማ ማምጣት አይቻልም፤ ፎቶአቸውን ማምጣት ግን ይቻላል። በ1950 የዕብራይስጥ ብራናዎች የማይክሮፊልም ተቋም ተመሠረተ፤ በ1963 በቤተ መጻሕፍቱ ሥር ገባ። ሰዎቹ ዓለምን እየዞሩ፣ እየለመኑና እየከፈሉ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከሚታወቁት የዕብራይስጥ ብራናዎች አብዛኞቹን በፊልም ሰበሰቡ። በሌኒንግራድ የነበረው ታላቁ የፊርኮቪች ስብስብ እስከ ሶቪየት ኅብረት መጨረሻ ድረስ አልተገኘም ነበር፤ በሩ ሲከፈት እሱም ተቀዳ። በእኔ ግምት ይህ ከሕንፃዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው። ባለቤቱ መጽሐፉን ሳይለቅ አንባቢው መጽሐፉን አገኘ። ዛሬ ከዚያ ፊልም ብዙው ወደ ዲጂታል ተለውጦ «ክቲቭ» በሚባል ገጽ ለማንም ክፍት ነው፤ አዲስ አበባ ሆኖ የፓርማን ብራና ማንበብ ይቻላል።

ተመራማሪ ምን ተብሎ እንደ ተጻፈ ካላወቀ ምን እንደሚዋስ አያውቅም። ከ1966 ጀምሮ «ራምቢ» የተባለው ማውጫ በአይሁድ ጥናት ላይ የሚወጡ የመጽሔት ጽሑፎችን በየቋንቋው እየለቀመ ይመዘግባል። በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ያለው ሥራ ደግሞ ይበልጥ ይማርከኛል። የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቅ አቪዔዝሪ ፍሬንክል በ1963 የረቢዎችን የጥያቄና መልስ ጽሑፍ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ጀመረ፤ ኮምፒውተር ክፍል የሚያክል በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ከሺህ ዓመት በላይ አይሁድ በተበተኑበት ሁሉ፣ ከየመን እስከ ፖላንድ፣ ሕዝቡ ጥያቄ ይጽፋል፤ ረቢው ይመልሳል። ያ ክምር ዛሬ በቃል ይፈለጋል። በዕብራይስጥ «ሸአላ» ማለት ጥያቄ ነው፤ ከዚሁ ሥር የሚወጣው ግሥ መዋስ ማለትም ነው፤ በግእዝ «ሰአለ» ብለን የምናውቀው ራሱ። «ትሹቫ» ደግሞ መልስም መመለስም ነው። በአማርኛችንም መልስና መመለስ ከአንድ ቤት ናቸው። የጠየቀ ይዋሳል፣ የመለሰ ይመልሳል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1966 በኒው ዮርኩ ሴሚናሪ የመጻሕፍት ማማ ላይ እሳት ተነሣ። ማማው መስኮቱ ጥቂት፣ መውጫው ጠባብ ነበር፤ ለጥበቃ ተብሎ የተሠራ ነው። 70,000 መጽሐፍ ተቃጠለ፤ ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ በእሳት አጥፊዎቹ ውሃ ራሰ። የረጠበ መጽሐፍ በፍጥነት ካልደረቀ ይሻግታል። ተማሪዎች፣ የሰፈር ሰዎች፣ የሌላ እምነት ሰዎች ሳይቀሩ ተሰልፈው መጻሕፍቱን በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ አወረዱ። ከዚያ የወጥ ቤት የወረቀት ፎጣ እየቀደዱ በየገጾቹ መካከል አስገቡ፤ ወረቀቱ ሲርስ እያወጡ ደረቁን ተኩ፤ ገጽ በገጽ፣ ጥራዝ በጥራዝ፣ ለቀናት። ብርቅዬዎቹ ብራናዎች በሌላ ክፍል ስለ ነበሩ ተረፉ። በዚያ ማማ ላይ ከተቃጠሉት መካከል ከናዚ እጅ ተርፈው የመጡም ነበሩባቸው። ከማማው መጻሕፍት በዚያ ዕለት እሳትም ውሃም ሳይነካው በእርግጠኝነት የተረፈው በሰው ቤት፣ በውሰት ላይ የነበረው ነው።

አሁን ያለው አሠራር ለሁለት ተከፍሏል ማለት ይቻላል። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለተማሪው ያውሳል፤ የሌለውን በቤተ መጻሕፍት መካከል በሚደረግ ውሰት ከሌላ ያስመጣለታል። ብሔራዊው ቤት ግን መጽሐፉን በግቢው ውስጥ ያስነብባል እንጂ አብዛኛውን አያስወጣም፤ በሕግ ከየአሳታሚው የሚደርሰው ቅጂ ለሚመጣው ትውልድም መቆየት አለበትና። ኢየሩሳሌም ላይ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ለ80 ዓመት በአንድ ቤት ሲገፋፉ ኖረው በ2007 በወጣ ሕግ ተለያዩ፤ ቤተ መጻሕፍቱም የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተባለ። በርግማን የመራው ቤት የበርግማንን የልጅነት ጓደኛ ጽሑፎች ከረጅም ክርክር በኋላ የተረከበው በዚህ ስሙ ነው፤ የካፍካ ወዳጅ ማክስ ብሮድ በ1939 በሻንጣ ይዞት የወጣው ወረቀት በ2016 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አግኝቶ የመጨረሻው ክፍል በ2019 ደረሰ። በእስራኤል ፓርላማ፣ በክኔሴት፣ አጠገብ የተሠራው አዲሱ ሕንፃ በጥቅምት 2023 አጋማሽ በሥነ ሥርዓት ሊመረቅ ነበር፤ ጦርነት መጣ፤ በወሩ መጨረሻ ያለ ምረቃ ለአንባቢ ተከፈተ። ከመሬት በታች ባለው መጋዘን መጽሐፉን የሚያወጣው ሮቦት ነው፤ ላይ ያለው ክብ የንባብ አዳራሽ ግን ማንም ገብቶ የሚቀመጥበት ነው።

ወደ እኛ ቋንቋ የሚያደርሰው መንገድ ረጅም ነው። መጽሐፈ ኩፋሌና መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆነው የተገኙት በግእዝ ብቻ ነው። ከ1947 በኋላ በኩምራን ዋሻዎች የሁለቱም ቁርጥራጭ በዕብራይስጥና በአራማይክ ሲወጣ ሊቃውንቱ ክፍተቱን የሚሞሉት ከግእዙ ነው። ስለዚህ የሁለተኛውን ቤተ መቅደስ ዘመን የሚያጠና ሰው የዲልማንን የግእዝ መዝገበ ቃላት መዋሱ አይቀርም። በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ያኮብ ፖሎትስኪ፣ ከሱም በኋላ ጊዲዮን ጎልደንበርግና ኦልጋ ካፔልዩክ ግእዝና አማርኛን ከዓለም የታወቁ የጥናት መስኮች አድርገዋቸዋል፤ የአማርኛ ሰዋስው ላይ የሚሠራ ሁሉ የእነሱን ጽሑፍ ይፈልጋል።

የቤተ እስራኤል መጻሕፍት ነገር ደግሞ በሌላ በር ይመጣል። ተመራማሪው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ በተመለሰ ጊዜ አቶ ታምራት አማኑኤልን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ይዟቸው መጣ፤ በኋላ በ1923 በአዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት የመሩት እሳቸው ናቸው። የፋይትሎቪች መጻሕፍትና ወረቀቶች ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ስለ ቤተ እስራኤል የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር ነው። ሌሎቹ መጻሕፍት ግን በማኅደር ሆነው፣ በትከሻ ነው የመጡት። ከጎንደርና ከትግራይ በሱዳን በኩል በእግር የወጡትም፣ በ1991 በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ከ14,000 በላይ ሰዎች መካከል የነበሩትም ቄሶች ኦሪታቸውን ይዘው ነው የገቡት።

ይህ ኦሪት እንደ ሌሎቹ አይሁዶች በጥቅልል የተጻፈ አይደለም፤ በብራና ተጠርዞ በእንጨት ገበታ የተያዘ መጽሐፍ ነው፤ ከሙሴ አምስቱ በተጨማሪ ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይይዛል። ብዙው ከክርስቲያን ጸሐፊዎች የተገዛ ነበር። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሥላሴ ስም የነበረበት ቦታ ተፍቆ ይታያል፤ ብራናው በዚያ ላይ ሳስቷል፣ ቀለሙም ሌላ ነው፤ በተፋቀው ላይ የእስራኤልን አምላክ የሚባርክ ቃል ተጽፏል። ካታሎግ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ይህን ሁሉ ይመዘግባል፤ የቅጠሉን ብዛት፣ የፊደሉን ዘመን፣ የፍቀቱን ቦታ።

የማይመዘገበው ትርጓሜው ነው። ቄሱ በግእዝ ያነባሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያብራራሉ፤ ያ ማብራሪያ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የወረደ እንጂ በየትኛውም መደርደሪያ ላይ የለም። ግእዙን አንብበው ትርጓሜውን የሚያውቁት አባቶች ደግሞ እያረጁ ነው። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ዓመታት «የኦሪት ጠባቂዎች» የሚል የማስተርስ ትምህርት ተጀምሮ ከማኅበረሰቡ የወጡ ወጣቶች የቄሶቹን ንባብና ትርጓሜ ቁጥር በቁጥር ይቀዳሉ። ብራናዎቹ ብዙዎቹ በቄሶቹና በቤተሰቦቻቸው እጅ ናቸው። ስለዚህ አሁን የሚዋሰው ዩኒቨርሲቲው ነው። ተማሪው ወደ ቄሱ ቤት ይሄዳል፤ ቡና ይፈላል፤ ኦሪቱ ከማኅደሩ ይወጣል፤ ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሣል፤ ተመልሶም ወደ ማኅደሩ ይገባል።